የማያበራ ጥቁር

መንበረ የምትባለው ልጅ ከጎንደር መኪና ስትወርድ ሻንጣዋን ዞር ብላም አላየችው፤ ጭንቋ ሁለት ሣጥን ነበር። ረዳቱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሊወረውርላት ሲል «ወዮልህ!» ብላ ጎማው ላይ ተንጠላጠለችና ራሷ ተቀበለችው። ያኔ ነው የወደድኋት። ዕቃውን የማያስወረውር ሰው እወዳለሁ።

ጊዜው ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል። በዚያ ወራት ጤነኛ ሰው መተማ አይመጣም። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ የቀን ሠራተኛው ወደ ደጋው ተመልሷል፤ የምንቀረው ቃጠሎው የለመደን ሰዎችና ፍየሎች ብቻ ነን። እኔ ግቢዬ ውስጥ አሥራ አራት አንገረብ ዘርግቼ ለመንገደኛ መኝታ አከራያለሁ። ያን ቀን አሥራ አራቱም የገመድ አልጋ ባዶውን ነበር።

«የትኛው ይሻልሻል?» አልኋት።

«ለእኔ የትም ይሁን። ሣጥኖቹ ግን ቤት ውስጥ ይደሩልኝ፣ እማማ።»

«ምን ቢሆኑ ነው? እንቁላል ናቸው?»

«ከእንቁላልም ይብሳሉ።»

የማላውቀውን ዕቃ ቤቴ አላሳድርምና አስከፈትኋት። በአንደኛው ውስጥ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ረጅም ቱቦ አለ። በሁለተኛው ውስጥ ጡጫዬን የምታክል ብረት ተቀምጣለች፤ አፏ ላይ አጭር ቱቦ፣ ጀርባዋ ላይ በቁጥር መሐል የምትሄድ መርፌ አለቻት። ረጅሙም እንደዚሁ መርፌ አለው።

«ረጅሙ ከውጭ አገር የተገዛ ነው» አለችኝ። «ትንሿን የሠራኋት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ፈጅታብኛለች። ከተሳካልኝ ሳተላይት ላይ ትጫናለች።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ የሚልከው፣ ምድርን እየዞረ የሚውል ዕቃ ነው። በዞረ ቁጥር ፀሐይ ከምድር ጠርዝ ብቅ ትልለታለች። ያኔ የእኔዋ መሣሪያ በአየሩ ውስጥ አሻግራ ፀሐይዋን ታያለች። አየሩ ውስጥ አቧራ ከበዛ ብርሃኑ ይደክማል፤ ምን ያህል እንደ ደከመ ከለካን አቧራው ስንት እንደሆነ፣ በምን ከፍታ ላይ እንዳለ እናውቃለን።»

«አቧራ መኖሩን ለማወቅ ሰማይ ድረስ? እኔ በጥርሴ አውቀዋለሁ።»

ሳቀች። «እርስዎ የመተማውን ያውቃሉ። እኔ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ረጅሙን ምን አረግሽው? ትልቅ ዓይን ካለሽ ትንሹን ምን ያረግልሻል?»

«ረጅሙን አይጭኑልኝም። የሰጡኝ ልክ ሁለት ኪሎ ነው። አንድ ግራም ቢያልፍ አንቀበልም ብለዋል።»

«የጭነት ሾፌር እንኳ እንዲህ አይከፋም!» አልሁ። እውነቴን ነው።

አዲስ አበባ የአየር ጠባይ በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ መሐንዲስ ናት። ሳተላይቱን የሚልኩት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ለመጫኛ የተረፈው ቦታ ደግሞ አንድ ነው። ልጅቷ ያችን ቦታ እንድታገኝ፣ ትንሿ በሙቀትም በአቧራም ከረጅሙ ጋር እኩል ማንበቧን በወረቀት ማሳየት አለባት። ከአንድ ቁጥር በላይ ከተለያዩ አለቀ፤ ቦታው ለሌላ አገር ዕቃ ይሰጣል። ለዚህ ነው ሰው የሚሸሸውን ወር መርጣ መተማ የመጣችው። የሚመልሳት መኪና መጋቢት ሃያ አምስት ይመጣል።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው መሐል ትቆማለች። አርባ ሁለት ዲግሪ ነው ትለኛለች፤ ለእኔ ቁጥሩ ምንም አይደል፣ ዶሮዎቼ አፋቸውን ሲከፍቱ አውቀዋለሁ። ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን በፀሐይ ላይ ታነጣጥራለች። ሰማንያ፣ ሰማንያ። ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ አንድ። ሳምንት ሙሉ እንደ መንታ እኩል አነበቡላትና እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

መጋቢት ስድስት ቀን ሀቡብ መጣ። ሀቡብ ከሱዳን በኩል እንደ ግንብ ቆሞ የሚመጣ አቧራ ነው፤ ሰው ሲያየው በሩን ይዘጋል። መንበረ ግን እየሮጠች ወጣች። ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ እንደ ናስ ሳህን ነው የምትታይ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ደፉ ላይ ቆምሁ።

«ረጅሙ ሠላሳ አንድ!» ብላ ጮኸች። ቆይታ ደግሞ፣ ድምፅዋ ወርዶ፣ «ትንሿ ሠላሳ ስምንት።»

ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቴም ያው ነው።

አቧራው ሲያልፍ አንገረቡ ላይ ቁጭ አለች። ቅንድቧ ሳይቀር ነጥቷል።

«ምን ሆነችብሽ?» አልኋት።

«ዋሸችኝ። ቱቦዋ አጭር ስለሆነ፣ በፀሐይዋ ዙሪያ ካለው ሰማይ ብርሃን ሾልኮ ይገባል። ገብቶ ከቱቦዋ ግድግዳ ላይ ይነጥርና ዓይኗ ላይ ያርፋል። ሰማዩ ጥርት ሲል ችግር የለውም። አቧራ ሲኖር ግን በፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ሁሉ ያበራል።»

«ፀሐይን እዪ ሲሏት ጎረቤቷንም ታያለች በይኛ።»

«አዎ፣ እማማ። ልክ ነው።»

«እስቲ አምጫት።»

ፈራ ተባ እያለች ሰጠችኝ። አፏን ወደ ብርሃን አዙሬ ውስጧን አየሁ። የተቀባው ጥቁር ቀለም በሙቀቱ አብጦ፣ ለስልሶ፣ እንደ ጢንዚዛ ጀርባ ያብለጨልጫል።

«ይኼማ ጥቁር አይደለም» አልኋት። «መስተዋት ነው የቀባሻት።»

«አዲስ አበባ ስቀባት እንዲህ አልነበረም። ሙቀቱ ነው ያቀለጠው። ሌላ ቀለም ለማስመጣት ደግሞ ጊዜ የለኝም።» ይኼን ብላ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሞረድ አውጥታ ውስጧን መፋቅ ጀመረች።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ጭልጋ ላይ ለአምስት ደብር ቀለም የሚበጠብጡ እሳቸው ናቸው። ወንድሞቼን ፊደል አስቆጠሯቸው፤ እኔን ጥላሸት አስፈጩኝ። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ነው ያደግሁ። ወንድሞቼ ዳዊት ደግመው ቅስና ሲቀበሉ ያነበቡትን ፊደል ያጠቆርሁት እኔ ነኝ፤ ይኼን ማንም አይክደኝም። አንዷን መስመር እንኳ ማንበብ አልችል፣ ጥቁር የሚባለውን ነገር ግን ከሁሉም አብልጬ አውቃለሁ። ጥቁር ሁለት ነው። የሚያበራ ጥቁር አለ፣ የማያበራ ጥቁር አለ። በጧፍ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ቀለም ቄሱን መስመር ያስታል፤ አባቴ እንዲያ ያለውን ሲያዩ ከነጋኑ ይደፉት ነበር።

«መፋቁን ጨርሺ» አልኋት። «የምትቀቢውን እኔ እሠራልሻለሁ።»

አየችኝ። ያ አስተያየት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ የተማረ ሰው አሮጊትን የሚያይበት ነው።

«እማማ፣ አይቀየሙኝና፣ ይኼ እኮ...»

«ይኼ እኮ ምን? ካንቺው ቀለም ይብሳል?»

ሞረዷን አንሥታ መፋቋን ቀጠለች።

ሐሚዳ ዘንድ ሄድሁ። ሐሚዳ ድንበሩ ላይ ሙጫ ትነግዳለች፤ እናቷ ሱዳን፣ አባቷ የእኛ ሰው። «ያ ሽታዬ፣ በዚህ ቃጠሎ ሙጫ ምን ሊያረግልሽ?» አለችኝ፣ ስሜን እንደ ሱዳኖች ጠርታ። «ለቀለም» ብዬ ጥርት ያለውን የግራር ሙጫ መርጬ ወሰድሁ። ኩራዞቼን ሁሉ አብርቼ ሸክላ ደፋሁባቸውና ጥላሸቱን በላባ ጠረግሁ። የቀረኝ የተቃጠለ እህል ነው። አባቴ ገብስ ነበር አክስለው የሚፈጩ። መተማ ላይ ገብስ ከየት ይመጣል? በየማዕዘኑ ያለው ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጡን አከሰልሁ።

ስፈጭ መንበረ ደብተር ይዛ ራሴ ላይ ቆመች።

«ሙጫው ስንት ግራም ነው?»

«ሦስት ጣት።»

«ጣት ግራም አይሆንም፣ እማማ።»

«ጣቴ ልኩን ያውቃል።»

«ጣትዎን ሳተላይት ላይ አልጭነውም! ሁለተኛ መሥራት ቢያስፈልገኝስ?»

ተናደድሁ፣ እውነት ስላላት ደግሞ ይበልጥ ተናደድሁ። ከሐሚዳ ሚዛን ተዋስን። ከዚያ ወዲያ እኔ በጣቴ እቆነጥራለሁ፣ እሷ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች።

በዶሮ ላባ ቀባናት። ሲደርቅ ወደ ፀሐይ ይዛ አየቻትና መልሳ አስቀመጠቻት።

«ምነው?»

«ያበራል።»

«ዓይንሽ ነው። ፀሐዩ በዝቶብሽ ነው።»

ዓይኗ አልነበረም። ራሴ አየሁትና ግማሽ ቀን ሙሉ ተከራከርሁ፤ ምሳ ስበላ ግን የወጡ ዘይት ጣቴ ላይ አበራ። ሰሊጥ ቅባት ነው! ሰሊጥ ቢያከስሉትም ቅባቱን አይለቅም። ሰሊጥ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ ይኼ ሳይታየኝ ቀረ። ሳህኑን ገፍቼ ተነሣሁና «ፋቂው» አልኋት። «የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ማሽላ አምጪ።»

ማሽላው ቅባት የለውም። ሁለተኛው ቅብ እንደ ጉድጓድ ሆነ፤ ቢያዩት ግድግዳው የት እንዳለ አይታወቅም። መንበረ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀጥላ ግን «አሁን የቀረው መንቀጥቀጡ ነው» አለች። «ወደ ሰማይ የሚያወጣት ሮኬት እጅግ ያንቀጠቅጣል። ቅቡ ከረገፈ ዓይኗ በሆነችው መስተዋት ላይ ይወርድና ትታወራለች።»

«እንደ ምን ያንቀጠቅጣል?»

«እንጃ... አሳንሼ ብነግርዎት እንደ ኮኪት መንገድ።»

«እንግዲያማ ኮኪት አለች» አልሁ።

እንግዳው የሚባል የእርሻ ትራክተር የሚነዳ ጎረምሳ በየቀኑ ከመተማ ኮኪት በርሜል ያመላልሳል። ትንሿን ከተሳቢው ብረት ላይ በሽቦ ጠፍረን አሰርናት።

«እማማ ሽታዬ፣ ምንድን ነው ያሰራችሁብኝ? ፈንጂ ነው?»

«ፈንጂ ቢሆንማ ላንተ አላባክነውም። ጉድጓዱን እየመረጥህ ንዳ።»

«ጉድጓዱን እየሸሸሁ ነው?»

«እየፈለግህ!»

ማታ ሲመለስ ከፈትናት። ጥቁሩ ግማሹ ረግፎ መስተዋቷ ላይ እንደ ጤፍ ተበትኗል። ሙጫው አንሷል ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሙጫ ሲበዛ ያበራል፣ ሲያንስ ይረግፋል። መሐሉን ለማግኘት አባቴ ቀለሙን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አድርቀው በነጭ ጨርቅ ያሹት ነበር። ጨርቁ ከጠቆረ ሙጫ ጨምር፤ ጥፍሩ ካበራ ሙጫ ቀንስ። እኔና መንበረ አምስት ቀን ሃያውንም ጥፍራችንን አጥቁረን ዋልን። የእኔ ነጠላ ለዘላለሙ ጨርቅ ሆኖ ቀረ። በአምስተኛው ቀን የእሷ የግራ እጅ ቀለበት ጣት ላይ ያለው አልለቀቀም፤ አላበራምም። ደብተሯን ገልጣ የዚያን ልክ በእርሳስ ከበበችው።

ቀባናት። ሦስት ቀን ቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ በፀሐይ አዋልናት፤ አላበጠም። እንግዳው ሁለት ቀን ኮኪት አመላለሳት፤ አልረገፈም። ያን ጊዜ መጋቢት ሃያ ሁለት ሆኖ ነበር። የቀረው ሀቡብ ብቻ ነው፤ ሀቡብ ደግሞ አልመጣም።

ሃያ ዓመት ሙሉ የረገምሁትን አቧራ በየጧቱ ደጅ ወጥቼ ወደ ሱዳን አንጋጥጬ መጠበቅ ጀመርሁ። ገበያ መሐል ቆሜም ሳንጋጥጥ ሐሚዳ አየችኝ። «ወላሂ አብደሻል። ሀቡብ ናፍቆሽ?»

«ለእኔ አይደል። ያች እኔ ዘንድ ያረፈች ልጅ ሰላይት ልትልክ ነው፤ ሀቡቡ ለእሱ ነው።»

ቃሉ ከአፌ እንዲያ ሆኖ ነው የወጣ። ገበያ መሐል፣ በዚያ ዘመን።

መጋቢት ሃያ አራት ጧት የቀበሌው ሊቀመንበር ገሰሰ ሁለት ዘብ አስከትሎ ግቢዬ ገባ። «ሰላይ ትልካለች የተባለችው የታለች?» አለ። መንበረ ማኅተም ያለበት ደብዳቤዋን ብታሳየው «ማኅተም ይቀረጻል» አላት። ሁለቱንም መሣሪያ፣ ደብተሩንም፣ ሁሉን ወሰደ። ጎንደርን በሬዲዮ ጠይቆ መልሱ በሦስት ቀን ይመጣል አለ። መኪናው ነገ ነው።

መንበረ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በምዕራብ በኩል ሰማዩ ቡኒ ሆነ። አቧራው ቆሞ ይመጣል።

«ተነሺ» አልኋት።

«የት?»

«ቀበሌ። በእኔ ምላስ የጠፋ ነገር በእኔ ምላስ ይመለሳል።»

ገሰሰ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። መሣሪያዎቹ ከፊቱ ናቸው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሹመት ጫማ ሆኖ የሰፋው ልጅ ነው።

«እማማ ሽታዬ፣ ይህ የአብዮት ጉዳይ ነው። እርስዎ ይመለሱ፣ ፀሐይ አይምታዎት።»

«ፀሐይ የምትመታኝ ብትሆን እስካሁን አልኖርም። ስማ፣ ሰላይት ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ሳተላይት ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ተ አለዋ! መሐሉ ላይ ተ አለ! የተማርህ አንተ ነህ፣ ፊደሉን ለአንተ እኔ ልቁጠርልህ?»

ከዘቦቹ አንዱ ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እሺ፣ ሳተላይት ይሁን» አለ ገሰሰ፣ ፊቱን አኮሳትሮ። «ሳተላይትም ቢሆን ከሰማይ እያየ ይሰልላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የእኔዋ ፀሐይን ብቻ ነው የምታይ» አለች መንበረ። «ሌላ እንዳታይ ነው ሁለት ሳምንት የለፋነው።»

«ይኼን በምን አውቃለሁ?»

መስኮቱ ጨለም እያለ ነው። ጊዜ የለንም። «በዓይንህ እወቀዋ!» አልሁት። «ዕቃው ከግቢህ አይውጣ። አንተው ያዘው፣ አንተው አንብበው፣ አንተው ጻፈው። እሷ እጇን አታሳርፍበትም። ዘብህም ከፈለገ ጠመንጃውን ይደግንባት። ሰላይ ዕቃውን ለሊቀመንበር አስይዞ የሚያስነብበው በየት አገር ነው?»

ገሰሰ ትንሿን አንሥቶ አገላበጣት። እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ እንደፈለገ ከፊቱ አነበብሁ፤ ፊደል ባላውቅ ፊት አውቃለሁ።

«የት ነው የሚቆመው?» አለ።

ግቢው መሐል ወጣን። ነፋሱ የባንዲራውን ገመድ ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል። መንበረ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሦስት እርምጃ ራቀችና ትመራው ጀመር። «ረጅሙን መጀመሪያ። ወደ ፀሐይዋ አቅኑት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ከኋላ ያለው ነጥብ ላይ ብርሃኑ ሲያርፍ ይቁሙ። አዎ። መርፌው ስንት ላይ ነው?»

«ሃያ ሰባት።»

«አሁን ትንሿን። በዚያው መንገድ።»

ገሰሰ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እኔ የባንዲራውን ብረት ጨበጥሁ። መንበረ መሬት መሬት ታያለች።

«ሃያ... ሃያ ሰባት» አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይታየኝም እንዴ! ሃያ ሰባት ነው!»

«ይድገሙት።»

አቧራው እየወፈረ ሄደ። ረጅሙ ሃያ አራት፣ ትንሿ ሃያ አራት። ረጅሙ አሥራ ዘጠኝ፣ ትንሿ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። «ግማሽ ይፈቀዳል» አለች መንበረ። ገሰሰ አሁን ማንም ሳያዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል፤ ዘቡን «ጻፍ! ጻፍ!» ይለዋል፤ ዘቡም ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እርሳሱን በምራቁ እያራሰ ይጽፋል። ከዚያ ፀሐይዋ ጭራሽ ጠፋች። ቀኑ ቡኒ ሆነ።

«ረጅሙ ዜሮ» አለ ገሰሰ እየሳለ። «ይህችኛዋም ዜሮ ሆነች። ይበቃል፣ እንግባ።»

«ዜሮም ቁጥር ነው» አለች መንበረ በአቧራው ውስጥ። «ጻፉት።»

ገብተን ራሳችንን አራገፍን። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ ጥንድ በሬ ተሰልፏል። ገሰሰ ከላይ እስከ ታች አነበበውና «እውነትም ትክክል ናት» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«እንግዲያው ፈርምበት» አልሁት። «ያነበብህ አንተ፣ የጻፈ ዘብህ። እሷ ሰላይ ከሆነች ዕቃዋን የፈተንህላት አንተ ነህ። ለጎንደር በሬዲዮ ስትናገር ይኼንንም አብረህ ንገራቸው።»

አንገቱን ቀና አድርጎ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ መንበረን። እሷ ደብተሯን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ እጇን አላጠፈችም፣ አለመነችም። ገሰሰ ደብተሩንና ሁለቱን መሣሪያ ወደ እሷ ገፋና መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን አወጣ። ላዩ ላይ ያረፈውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ፣ በትንፋሹ አሞቀው፣ ወረቀቱ ላይ መታው።